ምዕራፍ ሰባት፦ ብልሽቱ የት ነው?

ጁባ ውስጥ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መቼ ይመለሳል? ስልኩን ያነሳው የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛም «እየተሠራ ነው፣ ትንሽ ይታገሡን» ብሎ ይመልሳል። በሆቴሉ እንግዳ መቀበያ፣ በሐዋላ ቤቱ፣ በኮኞ ኮኞ ገበያ አጠገብ ባለው ሱቅ ይኸው ምልልስ ይደጋገማል፤ በጁባ ዓረብኛ «ሸበካ ማፊ» ይባላል፣ በአማርኛ «ኔት የለም» ይባላል፣ ቀኑም እንዲሁ ይመሻል። እኔ የማምነው ጥያቄው መቀየር እንዳለበት ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የት ተቋረጠ የሚለው ነው። የተበጠሰ ፋይበር ባለሙያው መሣሪያውን ይዞ አጠገቡ ከደረሰ ይቀጠላል። ቀናት የሚፈጀው የተበጠሰበትን ቦታ ማግኘት፣ ቦታው የማን ኃላፊነት እንደሆነ መለየትና እዚያ መድረስ ነው። ቦታው ሳይታወቅ የሚሰጥ የሰዓት ተስፋ ግምት ነው፤ ደንበኛው ደግሞ በዚያ ግምት ላይ ተመሥርቶ እንግዳ ይቀበላል፣ ክፍያ ይቀጥራል፣ ልጁን ለመስመር ላይ ፈተና ያስቀምጣል።

ስለዚህ መስመሩን ከባሕሩ ጀምሮ ደንበኛው ቤት እስካለችው ትንሽ ሣጥን ድረስ እንከተለው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነጻነቷን ስታውጅ ባንዲራ ነበራት፣ ብዙም ሳይቆይ 211 የሚል የራሷን የስልክ መለያ አገኘች፤ ዋና ከተማዋን ከባሕር ማዶ ጋር የሚያገናኝ ፋይበር ግን አልነበራትም። ከዚያ በፊት ጁባ ውስጥ ይሠራ የነበረው የስልክ ኩባንያ ጀምቴል የኡጋንዳን 256 ተውሶ ነበር የሚጠቀመው። ኢንተርኔት የሚመጣው ከሰማይ ነበር። ዲሽ ይተከላል፤ ምልክቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ወዳለ ሳተላይት ይወጣል፤ ይወርዳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመጣል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ቢጓዝም እንኳ ይህ ደርሶ መልስ ወደ 480 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ የመሣሪያዎቹ ጊዜ ሲጨመርበት ከግማሽ ሰከንድ ያልፋል። በዚያን ዘመን ከጁባ በኢንተርኔት ወደ አዲስ አበባ የደወለ ሰው ከእናቱ ጋር ቃል በቃል እየተጋጨ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ተናግረው ሁለቱም አንድ ላይ ዝም እያሉ ማውራቱን አይረሳም። ዋጋውም ለዕርዳታ ድርጅቶችና ለትልልቅ ሆቴሎች ካልሆነ በቀር የሚቀመስ አልነበረም።

በዚያው ወቅት የጎረቤቶቿ ኑሮ ተቀይሮ ነበር። በ2009 ሲኮምና ቲምስ የሚባሉት የባሕር ውስጥ ገመዶች ሞምባሳ ደረሱ፤ በ2010 ኢሲ ተከተለ። ናይሮቢና ካምፓላ ከሳተላይት ወደ ፋይበር ተሻገሩ። ጁባ ግን በታኅሣሥ 2013 ጦርነት ውስጥ ገባች፤ በሐምሌ 2016 ውጊያው ከተማዋ መሀል ድረስ ተመለሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ መሬት ቆፍሮ ገመድ የሚቀብር ባለሀብት ማግኘት ከባድ ነው። በ2019 ሊኩዊድ ቴሌኮም ከኡጋንዳ ድንበር ተነስቶ ጁባ የሚገባ ፋይበር መዘርጋት ጀመረ። ገመዱ የመጣበት የኒሙሌ መንገድ በአሜሪካ የልማት ድርጅት ገንዘብ ተሠርቶ በ2012 ያለቀ 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው፤ ዱቄቱም፣ ሲሚንቶውም፣ ቢራውም የሚገባው በእሱ ነው። ጁባ የሚኖር ሐበሻ ነጋዴ ሁሉ ይህን መንገድ በልቡ ያውቀዋል። ኢንተርኔቱም በዚያው በኩል መምጣቱን ግን ብዙው ሰው አያውቅም።

መንገዱን ከባሕር ብንቆጥር ሞምባሳ፣ ናይሮቢ፣ የኬንያና የኡጋንዳ ድንበር፣ ካምፓላ፣ ጉሉ፣ ኤሌጉ፣ ኒሙሌ፣ ጁባ ነው። በድምሩ ከ1,700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ ሲጓዝ ፍጥነቱ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ዝቅ ይላል፤ ያም ሆኖ ከጁባ ሞምባሳ ደርሶ ለመመለስ 20 ሚሊሰከንድ አይሞላውም። የሳተላይቱን 480 አስታውሱ። ይህን ገመድ የዘረጉት ሰዎች የሠሩት ሥራ ትልቅ ነው፤ ቅሬታ ስናነሳም መርሳት የለብንም።

ችግሩ ያለው በርዝመቱና በባለቤቱ ብዛት ነው። ባሕሩ ውስጥ ያለው ገመድ የአንድ ማኅበር ወይም ኩባንያ ነው፤ ኬንያ ላይ ሌላ፣ ኡጋንዳ ላይ ሌላ ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ ጁባ ከገባ በኋላ አቅሙን በጅምላ የሚሸጥ አለ፤ ከእሱ ገዝቶ በችርቻሮ ለሆቴሉና ለቢሮው የሚያከፋፍል አለ። ደንበኛው ውል ያለው ከመጨረሻው ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ ኡጋንዳ ውስጥ መንገድ የሚጠርግ ግሬደር ገመዱን ቢበጥሰው፣ ጁባ ላይ ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ ገመዱ የእሱ አይደለም፣ አገሩም የእሱ አይደለም፣ ጥገናውንም የሚያዘው እሱ አይደለም። የሚያውቀው የላይኛው አቅራቢው የነገረውን ነው፤ ካልነገረው ደግሞ ምንም አያውቅም። «እየተሠራ ነው» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ይቸገራል። እዚያ ለረጅም ዘመን ከውጭ መግቢያው እስከ ቤት ደጃፍ ያለው መስመር ሁሉ የአንድ ተቋም ነበር፤ በደንበኞች መስመሩ 994 ደውሎ የሚያማርር ሰው ቢያንስ ያማረረው ለባለቤቱ ነው። ጁባ ላይ ግን ቅሬታው ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ አለበት፤ በእያንዳንዱ ቅብብል ላይ ጊዜ ይባክናል፣ ዝርዝርም ይጠፋል።

ባሕሩ ላይ የሚደርሰውም ጉዳት ቀላል አይደለም። ግንቦት 12 ቀን 2024 ኢሲና ሲኮም በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ አቅጣጫ በአንድ ቀን ተቆረጡ፤ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በየካቲት ቀይ ባሕር ውስጥም ገመዶች ተጎድተው ስለነበር፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ የቀራቸው መውጫ ጠበበ። ጥገናውን የሠራችው ኬፕታውን የምትቀመጠው ሌዎን ቴቬናን የተባለች መርከብ ስትሆን፣ ሥራው ሳምንታት ፈጀ። እንዲህ ባለ ቀን ጁባ ያለው ደንበኛ ራውተሩን አጥፍቶ ቢያበራ፣ ገመዱን ቢቀይር፣ ባለሙያ ቢያስመጣ የሚጠቅመው የለም። ያንን በሁለት መስመር መልእክት ቢነገረው ግን ገንዘቡንም ጉልበቱንም ያተርፋል።

በየብስ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የኒሙሌ መንገድ አድፍጠው በሚተኩሱ ታጣቂዎች ተደጋግሞ የተመታ ነው፤ በነሐሴ 2021 ሁለት የካቶሊክ መነኮሳት ከሌሎች መንገደኞች ጋር የተገደሉት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። የጥገና ቡድን ማታ ደወል ቢደርሰው እንኳ ማታውኑ መኪና አስነስቶ ይውጣ ማለት አይቻልም። እኔ በዚህ በኩል ለሚደርስ መዘግየት ማንንም አልወቅስም። የሰው ሕይወት ከኢንተርኔት ይበልጣል፤ ደንበኛውም ይህ ቢነገረው የሚረዳ ይመስለኛል።

የተበጠሰበት ቦታ እንዴት ይታወቃል? የመስታወቱ ክር ከነመስታወት ሽፋኑ ውፍረቱ 125 ማይክሮን ነው፤ ብርሃኑ የሚሄድበት መሀሉ ደግሞ 9 ማይክሮን ገደማ ብቻ፣ ከፀጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። ባለሙያዎች ኦቲዲአር የሚሉት መሣሪያ ከአንድ ጫፍ አጭር የብርሃን ምት ይልካል። መስታወቱ ከዚያ ብርሃን ጥቂቱን በየመንገዱ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ መሣሪያው የተመለሰበትን ጊዜ እየለካ ርቀቱን ያሰላል። ክሩ የተቆረጠበት፣ የታጠፈበት፣ በደንብ ያልተቀጠለበት ቦታ ሁሉ በስክሪኑ ላይ እንደ ደረጃ ወይም እንደ ሹል ሆኖ ይታያል። ጁባ ላይ ተቀምጦ «ብልሽቱ 63ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው» ማለት ይቻላል። ልብ በሉ፤ ይህ የገመዱ ኪሎ ሜትር ነው እንጂ የመንገዱ አይደለም፤ በየጉድጓዱ ለመጠባበቂያ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ትርፍ ገመድ ስላለ ሁለቱ አይገጥሙም። ገመዱ ሲቀበር የት ምን ያህል እንደተጠቀለለ በወረቀት ያልተመዘገበ ከሆነ ቡድኑ መቶ ሜትሮችን እየቆፈረ ይውላል። ጥሩ መዝገብ ያለው ድርጅት ፈጥኖ የሚጠግነው ለዚህ ነው።

ቦታው ከተገኘ በኋላ ክሮቹ ይጸዳሉ፣ ጫፋቸው ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ስፕላይሰር በሚባለው ማሽን ውስጥ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ቀልጠው ይጋጠማሉ። ጥሩ ቅጥያ የሚያባክነው ብርሃን ከ0.1 ዲሲቤል በታች ነው። አቧራ ከገባበት ግን ብክነቱ ይጨምራል፤ የበጋው የጁባ አቧራ ደግሞ የታወቀ ነው።

አሁን ከተማው ውስጥ እንግባ። ለመኖሪያና ለአነስተኛ ቢሮ የሚመጣው ፋይበር አብዛኛውን ጊዜ ጂፖን በሚባለው አሠራር ነው። ከአቅራቢው ጣቢያ አንድ ክር ይወጣል፤ ሰፈር ሲደርስ ስፕሊተር የምትባል ኤሌክትሪክ የማትፈልግ ትንሽ ዕቃ ብርሃኑን ለ32 ወይም ለ64 ቤት ትከፍለዋለች። ቤት ውስጥ የምትተከለው ሣጥን ኦኤንቲ ትባላለች፤ ከመብራቶቿ ሁለቱን ማወቅ የግድ ነው። «ፖን» የሚል የተጻፈባት አረንጓዴ ሆና ሳታርገበግብ ከቆመች፣ ብርሃኑ ደርሷል፣ ሣጥኗም ከጣቢያው ጋር ተግባብታለች። «ሎስ» የሚል የተጻፈባት ቀይ ካበራች ግን ብርሃን የለም ማለት ነው፤ ክሩ ተቆርጧል፣ ተነቅሏል፣ ወይም ከመጠን በላይ ታጥፏል። ቀይ ሲበራ የዋይፋይ የይለፍ ቃል መቀየርም ሆነ ስልክ አጥፍቶ ማብራት ከንቱ ድካም ነው። መጀመሪያ ከሣጥኗ ጀርባ ያለችውን ቀጭን ገመድ ተመልከቱ፤ ሶፋ ተጭኗት ወይም በር ቀጥቅጧት ይሆናል። እሷ ደህና ከሆነች ብልሽቱ ከቤት ውጭ ነው።

ደንበኛው ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሌላም ነገር አለ። ኦኤንቲ መብራት ሲጠፋባት በውስጧ በቀረው ጥቂት ኃይል «ኤሌክትሪክ አጣሁ» የሚል የመጨረሻ መልእክት ወደ ጣቢያው እንድትልክ ተደርጋ ነው የምትሠራው። ክሩ ከተቆረጠ ግን መልእክቱ አይደርስም። ስለዚህ አቅራቢው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የእናንተ ሣጥን የጠፋችው በመብራት ነው ወይስ በገመድ፣ ብቻዋን ነው የጠፋችው ወይስ ከጎረቤቶቿ ጋር፣ ለይቶ ማየት ይችላል። የደረሰባትን የብርሃን መጠንም ማንበብ ይችላል። ባለሙያ ሳይላክ ይህን ያህል የሚታወቅ ከሆነ፣ ደንበኛን ምንም ሳይነግሩ ለቀናት ማቆየት ተገቢ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

የመብራቱ ነገር ጁባ ላይ ከብዙ ሌሎች ከተሞች ይልቅ ይከብዳል። በ2019 ኤዝራ የተባለው ኩባንያ የገነባው 33 ሜጋዋት በነዳጅ የሚሠራ ጣቢያ ሥራ እስኪጀምርና ጄድኮ የተባለው የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ማከፋፈል እስኪጀምር ድረስ ከተማዋ የምትኖረው በግል ጀነሬተር ነበር፤ ዛሬም መስመሩ ያልደረሰው ሰፈር ብዙ ነው። ፋይበር ራሱ መብራት አይፈልግም፤ በሁለቱ ጫፎቹ ያሉት መሣሪያዎች ግን ይፈልጋሉ። በዚያ ላይ ብዙው የጁባ ደንበኛ ፋይበር የሚለው አገልግሎት እስከ አቅራቢው ማማ ድረስ ብቻ ፋይበር ሆኖ፣ ከዚያ እስከ ጣራው በሬዲዮ አንቴና የሚመጣ ነው። ማማው ላይ ናፍጣ ሲያልቅ ሰፈሩ በሙሉ ይጠፋል። ውል ስትፈርሙ ቤት የሚገባው ክር ነው ወይስ አንቴና ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚበላሽበት መንገድ ይለያያልና። አንቴና በንፋስ ከአቅጣጫው ይዛነፋል፣ ከፊቱ ፎቅ ይሠራበታል፤ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በሚወርደው ከባድ ዝናብ ይዳከማል።

እስካሁን ያወራነው ስለ መቋረጥ ነው። ጨርሶ ሳይጠፋ የሚጎተት መስመር ይበልጥ ያስመርራል፤ ማስረዳትም ይከብዳል። መንስኤውን ለመለየት የሚረዳው ሰዓቱ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እንደ ልብ የሚሮጥ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ገመዱ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ሽሚያ ነው። የጁባ ባለሱቆች አንድ ጀነሬተር ተጋርተው ሲጠቀሙ፣ ሁሉም ፍሪጅና ኤሲ አንድ ላይ ሲከፍቱ አምፖሉ እንደሚደበዝዘው ማለት ነው። አቅራቢው ከውጭ የሚገዛውን አቅም በዶላር ይገዛል። ለምሳሌ 500 ሜጋቢት ገዝቶ ለ500 ደንበኞች 10፣ 10 ሜጋቢት ቢሸጥ፣ ሁሉም እኩል ሲጠቀሙ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 1 ሜጋቢት ነው። ሰው ሁሉ እኩል ስለማይጠቀም እንዲህ መሸጥ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ዓለም ሁሉ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ስንት ለአንድ እንደሚከፈል ሳይናገሩ መሸጥ ግን ጥፋት ነው።

ቀን ሆነ ሌሊት እኩል የሚጎተት ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝታችሁ ለኩ። በኬብል ከፈጠነ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው፤ ወፍራም የብሎኬት ግድግዳና በሰፈሩ ያሉ ራውተሮች ሁሉ የተጨናነቁበት 2.4 ጊጋኸርዝ ናቸው የሚይዙት። ደግሞም 20 ሜጋቢት የተገዛ መስመር ፋይል ሲያወርድ በሰከንድ 2.5 ሜጋባይት ቢያሳይ ተሰረቅን አትበሉ፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ልክ ነው።

በኬብልም ከተጎተተ መለካት ያለበት የእሽጎች መጥፋት ነው። የምንልከውም የምንቀበለውም ነገር በትንንሽ እሽጎች ተከፍሎ ነው የሚጓዘው። አንዱ ሲጠፋ ላኪው መንገዱ የተጨናነቀ መስሎት ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከጁባ አውሮፓ ደርሶ ለመመለስ 150 ሚሊሰከንድ በሚፈጅ መስመር ላይ ከመቶ እሽግ አንዱ ብቻ ቢጠፋ፣ ቲሲፒ በሚባለው የመላኪያ ደንብ በቆየው አሠራር አንድ ግንኙነት የሚያገኘው ፍጥነት ወደ 1 ሜጋቢት ይወርዳል፤ የተገዛው 50 ቢሆንም። ከመቶ አንድ ሲባል ለሰሚ ትንሽ ይመስላል፤ «99 በመቶ ደህና ነው» ብሎ የሚከራከር ቴክኒሻንም አይጠፋም። መንስኤው ያልጸዳ ማገናኛ፣ ውኃ የገባበት መጋጠሚያ ወይም የተዛነፈ አንቴና ሊሆን ይችላል። እሽግ እየላከ የጠፋውን የሚቆጥረውን ፒንግ የሚባለውን መለኪያ ለጥቂት መቶ እሽግ አስኬዱና ውጤቱን ከነሰዓቱ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። «ኔቱ ይጎተታል» ከሚል ቅሬታ ይልቅ ይህ ፎቶ ወደ ትክክለኛው ባለሙያ እጅ ፈጥኖ ይደርሳል።

መስመሩ ሁሉ ጤነኛ ሆኖ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። በጥር 2025 ሱዳን ውስጥ ዋድ መደኒ ላይ የደቡብ ሱዳን ተወላጆች መገደላቸውን ተከትሎ ጁባ ውስጥ ሁከት ተነሳ፤ የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፌስቡክና ቲክቶክን የመሳሰሉ ገጾች እስከ 90 ቀን ሊደርስ ለሚችል ጊዜ እንዲዘጉ አዘዘ። ትእዛዙ በቀናት ውስጥ ተነሣ። እንዲህ ሲሆን ምልክቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ ገጽ አይከፈትም፣ ሌላው ሁሉ ይሠራል። የተቆረጠ ገመድ ገጽ አይመርጥም።

ይኸው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት የአገልግሎት ጥራትንም የመቆጣጠር ድርሻ አለበት። እኔ ከእሱ የምጠብቀው አንድ ቀላል ግዴታ እንዲጥል ነው፤ አቅራቢ ሁሉ ለእያንዳንዱ ቅሬታ ቁጥር ይስጥ፣ ብልሽቱ ከቤት ውስጥ፣ ከሰፈር፣ ከከተማው፣ ከድንበር ማዶ ወይም ከባሕር የትኛው ላይ እንደሆነ ደንበኛው በዕለቱ እንዲያውቅ ያድርግ። ይህ አዲስ ገመድ አይጠይቅም፤ መረጃው ቀድሞም ጣቢያው ውስጥ አለ።

የመቋረጡን ቁጥር የሚቀንሰው ግን ሁለተኛ መንገድ ነው። በኬንያ በኩል ከኤልዶሬት በቱርካና አቋርጦ ወደ ናዳፓል ድንበር በሚሄደው፣ የዓለም ባንክ በደገፈው የመንገድ ሥራ ላይ ፋይበር አብሮ እንዲቀበር ተደርጓል። በደቡብ ሱዳን በኩል ቀጥሎ በካፖይታና በቶሪት ጁባ የሚገባ መስመር ሲኖረው፣ ኒሙሌ ላይ የሚቆረጥ ገመድ ከተማዋን አያጨልማትም። ሁለት መስመር አለን የሚል አቅራቢ ሲያጋጥማችሁ ሁለቱም በኒሙሌ በኩል የሚያልፉ መሆን አለመሆናቸውን ጠይቁ፤ የተለያየው የድርጅቱ ስም ብቻ ሆኖ ጉድጓዱ አንድ ሊሆን ይችላል። አቅም ያለው ሆቴል ወይም ክሊኒክ ከፋይበሩ ጎን ዝቅተኛ ምሕዋር ላይ ያለ ሳተላይት ወይም የሞባይል ዳታ ለመጠባበቂያ መያዙ ተገቢ ወጪ ነው።

መስመር ሲተከልላችሁ ደግሞ ቴክኒሻኑ ከመሄዱ በፊት የደረሰውን የብርሃን መጠን እንዲለካና ከነቀኑ ጽፎ እንዲፈርምበት አድርጉ። የጂፖን ሣጥን እስከ −27 ዲቢኤም ድረስ መስማት ትችላለች፤ ከዚያ በታች ትደናቆራለች። በየ3 ዲሲቤሉ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። በተተከለ ቀን −19 የነበረ መስመር ከስድስት ወር በኋላ −26 ካነበበ፣ ገና ሳይቆረጥ እየሞተ ነው፤ የተጻፈ ቁጥር የያዘ ደንበኛም ቴክኒሻን እንዲላክለት የሚጠይቅበት ማስረጃ በእጁ አለ።